የአማቴ ካርቶኖችና የሻገተው አይብ

ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ ብሉ ቺዝ ይዞ በሚኒባስ መሄድ የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ አልደግመውም።

ቢሮዬ ካዛንቺስ ነው፤ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። ገና ካለፈ በኋላ አንዲት የውጭ አገር ባልደረባችን ሥራዋን ጨርሳ ወደ አገሯ ልትመለስ ሆነና ፍሪጇን ለእኛ አራገፈችው። ለአንዱ የሰናፍጭ ብልቃጥ፣ ለሌላዋ አንድ ጠርሙስ የወይራ ፍሬ ሲደርሳቸው፣ ለእኔ ሁለት ትልልቅ ቁራጭ ብሉ ቺዝ ደረሰኝ። ደረሰኝ ልበል እንጂ የሚወስደው ሰው ጠፍቶ ነው። ነጭ አይብ ሆኖ ሆዱ ውስጥ ሰማያዊ ሻጋታ የተጋደመበትን ነገር ማን ይፈልጋል? እኔ ግን በየስብሰባው የሻይ እረፍት ላይ ቀምሼዋለሁ። ጨው ጨው የሚለው፣ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርገው ጣዕሙ ገብቶልኛል። በዚያ ላይ ሆዴን እንደምወድ ቢሮው ሁሉ ያውቃል። "ለእሷ ስጧት፤ እሷ ምን የማትበላው አለ?" አሉ። አልተቀየምኩም፤ እውነታቸውን ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የነበረውን ሙቀት አላሰብኩበትም። መስቀል አደባባይ ሳንደርስ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። ረዳቱ "እስቲ መስኮት ክፈቱ" አለ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ወደ ታች፣ ጫማ ጫማ ማየት ጀመረ። ከአጠገቤ ስፖርት ሠርቶ የሚመለስ አንድ ወጣት ነበር፤ እግሩ ላይ ላብ የጠገበ ስኒከር አድርጓል። ፍርዱ በእሱ ላይ ወደቀ። ምስኪን፣ እግሩን ከወንበሩ ሥር ደበቀ። "ኧረ እሱ አይደለም፣ የእኔ አይብ ነው" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንዲያውም እኔም እንደ ሌላው ጎንበስ ብዬ ጫማውን አየሁት። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቤት የጠበቁኝ አማቴ ናቸው። የባለቤቴ እናት ከትውልድ አገራቸው ከመጡ ጀምሮ የኖሩት ካዛንቺስ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ላይ ምትክ ቤት ደረሳቸው፤ አራተኛ ፎቅ። እስኪደራጅ ድረስ ብለን ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቤታችን አስቀመጥናቸው። ዕቃቸውን በአራት ካርቶን ጠቅልለው፣ በናይለን ገመድ እጥፍ ድርብ አድርገው አስረው፣ ሳሎናችን ግድግዳ ሥር ደርድረውታል። ከዚያ በኋላ አልነኩትም። ማንኪያ እንኳ አላወጡም።

"እማማ፣ ለምን አይፈቱትም?" ስላቸው፣

"ፈትቼ ደግሞ ላስር? ሁዳዴ ሳይገባ እሄዳለሁ። ጎጆሽን አላጣብብም" ይሉኛል።

አልዋሽም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሁዳዴ ቶሎ እንዲገባ ስመኝ ነበር። ማድቤቴ ለአንድ ሰውም አይበቃም። ግን ሴትዮዋን ሳላስበው ለመድኳቸው። ከሥራ ስገባ በሩ ክፍት ሆኖ፣ መብራት በርቶ፣ የሬዲዮውን ጋዜጠኛ ሲሰድቡ መስማት ደስ ይለኝ ጀመር። እኔ እናቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ ከውጭ ስገባ "ምነው ዘገየሽ?" የሚለኝ ሰው አልነበረኝም። አራተኛ ፎቁንም አስባለሁ። ጉልበታቸው ደረጃ አይችልም። ጎረቤቶቻቸው በየአቅጣጫው ተበትነዋል። እዚያ ሄደው ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያዩ እንደሚውሉ ሦስታችንም እናውቃለን፤ የምንናገረው ግን የለም።

የሚያንገበግበኝ አበላላቸው ነበር። እንደ እንግዳ ነው የሚበሉት። ሁለት ጊዜ ጎረስ አድርገው "ተመስገን፣ ጠገብኩ" ብለው እጃቸውን ይታጠባሉ። ጫን ብዬ ስለምናቸው "ቅድም በልቻለሁ" ይላሉ፤ ቅድም ምንም አልበሉም። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ሁዳዴ እስኪገባ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው፤ በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ እኚህ ሴትዮ በእኔ ማድቤት እንደ ቤተኛ ሲበሉ ካላየሁ አይሆንም አልኩ። ከበሉ ይቀራሉ የሚል ሐሳብ እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። ብቻ ሌላ መላ አልነበረኝም።

አይቡን አምጥቼ ፍሪጅ ከተትኩት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰዋል። በአንድ እጃቸው ቢላ፣ በሌላው ወፍራም መርፌ ይዘዋል። ከፊታቸው ሁለት ሳህን አለ፤ አንዱ ላይ የተፈረፈረ ነጭ አይብ፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ ፍርፋሪ። አጠገቡ የተጨመቀ ሎሚ።

"ልጄ፣ አታለሉሽ" አሉኝ ከልባቸው አዝነው። "አይቡ ሻግቷል። አይዞሽ፣ ከጠዋት ጀምሬ እየለቀምኩልሽ ነው። ብዙውን አትርፌዋለሁ። በሎሚም አጥቤዋለሁ።"

ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። "እማማ፣ እሱ እኮ አሠራሩ እንደዚያ ነው። ሻጋታው ሆን ተብሎ ነው የሚገባበት።"

"ሆን ተብሎ?" መርፌውን አስቀመጡ። "ማን ነው ሆን ብሎ?"

"የሚሠሩት ሰዎች ናቸዋ።"

"ምን አድርገሻቸው?"

ሰማያዊውን ፍርፋሪ ማንም እንዳይነካው በጋዜጣ ጠቅልለው ጓሮ ጣሉት። የግቢው ድመት ግን ጋዜጣውን ቀዳ ጥርግ አድርጋ በላችው። አማቴ ክፉኛ ደነገጡ። ሁለት ቀን ሙሉ በየሰዓቱ በረንዳ እየወጡ ድመቷ መተንፈሷን ሲያዩ ከረሙ። በሦስተኛው ቀን ድመቷ በራችን ላይ ቁጭ ብላ ሌላ አምጡ ብላ ስትጮህ፣ "እሷስ ተስማማት" አሉና ወደ ሬዲዮአቸው ተመለሱ።

ከመርፌ የተረፈውን ሁለተኛውን ቁራጭ ከጎመን ሥር ሸሽጌ መሥራት ጀመርኩ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ስለዚህ በሳምንት አምስት ቀን ብቻ ነው ያለኝ። እንቁላል ፍርፍር ስሠራ ከመጥበሻው ላወጣው ስል ጥቂት አይብ በጣቴ እቆርስበታለሁ፤ ጨው አልጨምርም፣ ጨዉን ይዞት ነው የሚመጣው። ፓስታ ስቀቅል ከውሃው አንድ ጭልፋ አስቀርቼ አይቡን አሟሟበትና ቁንዶ በርበሬ እነሰንስበታለሁ። ድንች ከነልጣጩ ቀቅዬ፣ ገና እሳት እንደሆነ ሰንጥቄ ውስጡ እከትበታለሁ። ቂንጬም ላይ ከቅቤው ጋር ትንሽ ጣል ካደረጉበት ቁርስ ሆኖ እስከ ምሳ ያቆያል። ሽሮ ላይ ግን አትሞክሩት። እኔ ሞክሬ ባለቤቴ አንዴ ጎርሶ፣ ተነሥቶ ወጥቶ፣ ዳቦ ገዝቶ ተመለሰ።

ባለቤቴ መምህር ነው፤ ታጋሽ ሰው ነው። የአይቡን ነገር ግን አልወደደውም። "ማለቴ፣ ጣዕሙ ምንም አይልም፤ ሽታው ነው በቃ" እያለ መስኮት ይከፍታል። አማቴ ደግሞ ይብሳሉ። ሳህኑን ሳቀርብላቸው ጠጋ ብለው አሽትተው፣ ለልጅነቴ ያዘኑልኝ ይመስል እያዩኝ፣ "ቅድም በልቻለሁ" ይላሉ።

አንድ ሐሙስ ጎመን ሠራሁ። ጎመን በአይብ የማይወድ የለም፤ እኔ የለመድነውን አይብ ትቼ ብሉ ቺዙን አድቅቄ፣ ከቅቤና ከኮረሪማ ጋር ለውሼ፣ ለብ ባለው ጎመን ላይ አደባለቅኩት። ሰማያዊው ከአረንጓዴው ጋር ተመሳስሎ ጠፋ። ማዕድ ቀርበን አማቴ እንደ ልማዳቸው ሁለቴ ደረቅ እንጀራ ቆረስ አድርገው እጃቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ፣ ደህና አድርጌ ጠቅልዬ "እማማ፣ በሞቴ" ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ጉርሻ እንዴት ተብሎ ይመለሳል? እሳቸው ደግሞ የድሮ ሰው ናቸው፤ ምራታቸው ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ በሞቴ ብላ የዘረጋችውን እጅ አይመልሱም። አፋቸውን ከፈቱ። ባለቤቴ እጁን ከማዕዱ ሰብስቦ መሬት መሬት ያያል። እሳቸው ቀስ እያሉ አላመጡ። አቆሙ። እንደገና አላመጡ።

"ይሄን ቅቤ ከየት አገኘሽው?" አሉ በመጨረሻ።

"የቱን?"

"በሳሉን ነዋ! የእናቴ ቤት ቅቤ እኮ ነው። ከአገሬ ከወጣሁ እንዲህ ያለ በአፌ አልዞረም።"

በሳል ቅቤ ለማያውቅ፣ ከለጋው ተለይቶ ብዙ ጊዜ የቆየ፣ ሽታው ከበር የሚቀበል፣ ለወጥ ትንሽ የሚበቃ ቅቤ ነው። እንዲህ ተስፋ አድርገው ሲያዩኝ መዋሸት አልቻልኩም። "ቅቤው የሱቅ ነው። የቀመሱት የሻገተው ነው፣ እማማ" አልኳቸው።

ጎመኑን ጠጋ ብለው አሸተቱት።

"በጉርሻ ታታልዪኛለሽ?" አሉ።

"ይቅርታ፣ እማማ።"

"አታላይ!" አሉና ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። "በይ እንጀራ ጨምሪ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ስሜ አታላይዋ ሆነ፤ እሳቸው ግን ይበሉ ጀመር። እንቁላሉንም፣ ድንቹንም። ፓስታው ላይ "ሚጥሚጣ ያንሰዋል" ብለው የእኔን አሠራር ማረም ጀመሩ። ልክ ነበሩ፤ ያንሰው ነበር። አንድ ረቡዕ ጠዋት ቀኑን ረስቼ አይቡን ሳወጣ "አንቺ! ዛሬ ምንድን ነው?" ብለው ከሳሎን ጮሁብኝ። በአፍንጫቸው ብቻ ነው ያወቁት። ቁራጩ ሲያልቅ ኦሎምፒያ ካለ ሱፐርማርኬት ትንሽ ገዛሁ፤ በእግሬ ይዤው መጣሁ።

ካርቶኖቹ ግን እንደታሰሩ ናቸው። መብላትና መቅረት ለየብቻ መሆናቸውን ያኔ ነው የተረዳሁት። እንዲያውም ቅበላ ሊገባ ሲል ባለቤቴን ጠርተው "የፊታችን ቅዳሜ መኪና ፈልግልኝ" አሉት። ፈለገ። አነስተኛ የጭነት መኪና፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ያን ዕለት ማታ የሠራሁት ቂንጬ አረረ።

ሽታው የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ማክሰኞ ጀመረ፤ ሐሙስ ላይ ቤቱን ሞላው። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ሲገባ በሩ ላይ ቆመና፣ በትዳራችን ዘመን አንዴ እንኳ ድምፁን ከፍ ያላደረገ ሰው፣ "ወይ እኔ ወይ ይሄ አይብ! በቃ!" አለ።

"እሱ ምን አደረገህ?" አሉት አማቴ።

"እማዬ፣ አይሸትሽም?"

"ይሸታል። ግን የእሱ ሽታ አይደለም። የእሱን አውቀዋለሁ።"

ክርክሩን ለመጨረስ አይቡን በቆርቆሮ ከትቼ በረንዳ አወጣሁት። ሽታው አልተነቃነቀም። ፍሪጁን አጠብኩ፣ ቆሻሻውን ደፋሁ፣ ባለቤቴ ጫማዎቹን ሁሉ ፀሐይ ላይ ደረደረ። ያ ሚኒባስ ውስጥ ያየሁት ልጅ ትዝ አለኝ። ቤታችን ውስጥ አንዱ ያላጠፋውን እየተቀጣ እንደሆነ ገባኝ፤ አጥፊው ግን አልታወቀም።

ያገኙት አማቴ ናቸው። አፍንጫቸውን እየተከተሉ ግድግዳው ሥር ደረሱ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩ፣ ሁለተኛውን ካርቶን በእጃቸው ዳሰሱት። ግርጌው ርሷል። ጣታቸውን አሸተቱና ወደ እኔ ዞር አሉ። ፊታቸው እንዲህ ሲቀላ አይቼ አላውቅም።

"የእኔ ቅቤ ነው" አሉ።

ከካዛንቺስ ሲወጡ ያስቀመጡት በሳል ቅቤ ነበር፤ ለአዲሱ ቤት የመጀመሪያ ወጥ ብለው ቆጥበውት። የፕላስቲኩ ክዳን ተሰንጥቆ፣ በሰሞኑ ሙቀት ቀልጦ፣ በዕቃው ሁሉ ላይ ፈሷል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ቀጥሎ እኔ። ቀጥሎ አማቴ ተንበርክከው እንዳሉ እስኪያነቡ ሳቁ። "ምስኪኑን አይብ ከቤት አስወጣችሁት!" እያሉ።

ሌላ ምርጫ ስላልነበረ ገመዱ ተቆረጠ። ጭልፋው፣ መጥበሻው፣ የቅመም ጣሳዎቹ፣ የወጥ ማማሰያዎቹ አንድ በአንድ እየወጡ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጠቡ። እሳቸው ያነሳሉ፣ እኔ አጥባለሁ፣ ባለቤቴ ያደርቃል። ቦታ ስለጠፋ የደረቀውን መደርደሪያዬ ላይ፣ ከእኔ ዕቃዎች መሐል መደርደር ያዝኩ። አይተውኛል፤ የሚቀጥለውን ዕቃ አቀበሉኝ።

ካርቶኑ ግርጌ ላይ በቅቤ የተለወሰ ቁራጭ ቆርቆሮ ቀርቶ ነበር። የካዛንቺሱ ቤታቸው የበር ቁጥር ነው። ቤቱ ሊፈርስ ሲል ራሳቸው በቢላ ጀርባ ነቅለውታል። ያዙት፣ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ሳቁ ሁሉ ከፊታቸው ጠፋ። እኔም አላስቻለኝም።

"እማማ፣ አይሂዱ" አልኩ። እጄ እስከ ክንዴ ሳሙና ነው። "ለእርስዎ አዝኜ አይደለም። ለራሴ ነው። እርስዎ ሲሄዱ እኔ ነኝ ቤቱ የሚጨልምብኝ።"

ቆርቆሮውን አጥበው፣ አድርቀው፣ ይዘውት ወደ መኝታቸው ሄዱ። ዓርብም መጣ። መኪናው ይቅር የሚል ቃል አልወጣቸውም፤ ባለቤቴም አልጠየቃቸውም። እኔ የጾም እራቴን የበላሁት የተረፉትን ሦስት ካርቶኖች እያየሁ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የቀሰቀሰኝ የመዶሻ ድምፅ ነው። እየሮጥኩ ወጣሁ። አማቴ የማድቤቱ በር ላይ በርጩማ ላይ ቆመው፣ አንድ ሚስማር በከንፈራቸው ነክሰው፣ የካዛንቺሱን የቤት ቁጥር ከበሩ በላይ እየመቱ ነው። ባለቤቴ በርጩማውን በሁለት እጁ ይዞላቸዋል። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ ነው እንዳይለኝ ብዬ አልጠየቅኩትም። ከውጭ የጭነት መኪናው ጡሩንባ ነፋ።

"ሂድ ሰውዬውን ሻይ አጠጥተህ ሸኘው" አሉት፣ ሚስማሩን ከአፋቸው አውጥተው። ወደ እኔ ሳይዞሩ ደግሞ፣ "አታላይዋ፣ ያን ባዶ ካርቶን አትጣዪው፣ ለሽንኩርት ይሆናል። አይቡንም ከበረንዳ አግቢው፤ ሰኞ ሁዳዴ ነው፣ እስከ ነገ ማታ ማለቅ አለበት።"

የሆነ ነገር ማለት ስለነበረብኝ፣ ቀና ብዬ ቆርቆሮውን አየሁት።

"እማማ፣ ተንጋዷል" አልኩ።

ከበርጩማው ወርደው፣ ራቅ ብለው ቆመው፣ በደንብ አዩት።

"እዚያም እንዲሁ ነበር" አሉ።